የካሳነሽ ሴንሰርና የአባቷ ጉድጓድ

ካሳነሽ ወልደዮሐንስ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ ታስተምራለች። እኔ ባንተአምላክ እባላለሁ፤ የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻን ነኝ። ከጎጃም ለአጭር ጊዜ መጥቼ እዚሁ ቀረሁ። ከእሷ ጋር በአንድ ክፍል ስንሠራ ዓመታት አልፈዋል። ሰው ስለ ሥራዋ ሲጠይቅ የማስረዳው እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም እሷ የመለሰችለት ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም።

አንድ እሁድ የቤተ ክርስቲያኗ መጋቢ ወጣቶቹ ስለ ሳይንስ ይስሙ ብለው መድረክ ሰጧት። እኔንም ጋብዛኝ ስለነበር ከኋላ ተቀምጫለሁ። ካሳነሽ ማይክሮፎኑን ተቀበለችና፣ "ዐይን የማያያቸው ቅንጣቶች ከሰማይ ሁልጊዜ ይወርዳሉ። አሁን ይህን ቆርቆሮ አልፈው፣ እናንተን አልፈው፣ አግዳሚውን አልፈው መሬት እየገቡ ነው። እኔ እነሱን የሚለይ መሣሪያ እሠራለሁ" አለች። ይኸው ነበር ንግግሯ።

መጋቢው ጥያቄ ካለ ብለው ሲጠይቁ አንዲት እናት ተነሡ።

"ይጎዳሉ?"

"አይጎዱም።"

"ይጠቅማሉ?"

"እስካሁን አልጠቀሙም።"

እናትዬዋ አመስግነው ተቀመጡ። ቀጥሎ መዝሙር ነበር።

ሥራዋ ግን እንዲህ በአጭሩ የሚያልቅ አልነበረም። አውሮፓ ሄዳ የተማረችው ከምስር ክክ የማትበልጥ የሲሊከን ቺፕ ሥራ ነው። የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት በአንድ ልዩ ፕላስቲክ ውስጥ ሲያልፍ ደካማ ብርሃን ጥሎ ይሄዳል። ብርሃን ሲሳሳ ሲሳሳ መጨረሻው ፍሬ ፍሬ ነው፤ ከአንዲት ፍሬ በታች አይከፈልም። ያቺ ቺፕ አንዲቷን ፍሬ እንኳ ካገኘች ታውቃለች፤ ምልክት ትሰጣለች። ኳንተም ሴንሰር የሚሏት ለዚህ ነው። ትልልቆቹ የፊዚክስ ሙከራዎች እንዲህ ያሉ ቺፖችን በብዛት ደርድረው ቅንጣቶቻቸውን ይጠብቃሉ።

የቺፗ ጠላት ሙቀት ነው። ስትሞቅ ያልመጣውን መጣ ትላለች። ስለዚህ አቅም ያላቸው ላቦራቶሪዎች በረዶ እስክትሆን ያቀዘቅዟታል። ካሳነሽ ከትምህርቷ ስትመለስ ዲላ ውስጥ ያገኘነው ከሁሉ የቀዘቀዘ ነገር የለስላሳ መጠጥ ማቀዝቀዣ ነበር፤ እሱም መብራት ሲሄድ ይሞቃል። እሷ አላማረረችም። "ማቀዝቀዣ የማትፈልግ እናድርጋት" አለች።

ሐሳቧ ሙቀቱን እየተከታተለ ቮልቴጁን ቶሎ ቶሎ የሚያስተካክል ሰርኪዩት መሥራት ነበር፤ ቺፗ ሙቀት ላይ ሆና እንድትረጋጋ። እሷ ትስላለች፣ እኔ እበይዳለሁ፣ አንድ ላይ እናቃጥላለን። የተቃጠለ የሰርኪዩት ሰሌዳ ሽታ ልብሳችን ውስጥ ገብቶ ባለቤቴ ገነት ኮቴን ውጭ እንድሰቅል አደረገችኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንዱ ሰሌዳ ሳይቃጠል ቀረ።

የቀረው መፈተን ነው። ሴንሰሩ ምን ያህል በሐሰት እንደሚጮህ ለማወቅ እውነተኞቹ ቅንጣቶች የማይደርሱበት ቦታ መውሰድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ እውነትና ሐሰቱ ተደባልቆ አይለይም። ለዚህ ብለው አውሮፓ ውስጥ በተራራ ሆድ ላቦራቶሪ የሠሩ አሉ። ካሳነሽን የሚያውቋት ተመራማሪዎች እዚያ ተራ ያዙላት። ለቪዛ አመለከተች። ቪዛው ተፈቀደ፤ የተፈቀደው ግን ተራዋ ካለፈ በኋላ ነው። ፓስፖርቷን ገልጣ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ፎቶው ጥሩ ነው" አለችና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ምንም አልሠራንም። በመጨረሻ እኔ፣ "ተራራ ባይኖረንም ጉድጓድ ይበቃን ይሆናል። ጥልቅ፣ ጠባብና ደረቅ የሆነ። እንደዚህ ያለ ጉድጓድ ያለው ሰው ታውቂያለሽ?" አልኳት።

መበየጃውን ነቀለች። ገመዱን ቀስ ብላ ጠቀለለች።

"አባቴ አለው።"

"ታዲያ ምን ቸገረን?"

"ቤታችን ውስጥ የጉድጓዱ ስም አይነሣም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ አቶ ወልደዮሐንስ ከይርጋጨፌ አለፍ ብሎ ኮንጋ ውስጥ ቡናና እንሰት አላቸው። ካሳነሽ ተማሪ ሳለች እናቷ ወይዘሮ ወርቂቱ ውሃ የሚቀዱት ቁልቁል ወርደው ከምንጭ ነበር፤ ወገባቸውን ሲያማቸው አቶ ወልደዮሐንስ በጓሯቸው ጉድጓድ ሊቆፍሩ ተነሡ። አፈሩ አለቀና ዐለት መጣ። ሰው ተዉት ቢላቸው መሮና መዶሻ ይዘው ዐለቱን ፈለጡት። ከዐለቱ ሥር ሌላ ዐለት አገኙ። እሱንም ጀመሩት። ውሃ ጠብ ሳይል የመንደሩ ቦኖ ተተከለና ሁሉም ከቦኖ መቅዳት ጀመረ። አቶ ወልደዮሐንስ ጉድጓዱን በግንድና በቆርቆሮ ከድነው ዙሪያውን እንሰት ተከሉበት። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ሲያልፉ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያያሉ። ነገሩን የማያልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጎረቤታቸው አቶ ሽመክት። ሽመክት ባገኛቸው ቁጥር፣ "ወልዴ፣ ውሃው ወጣ?" ይላቸዋል። እሳቸው አይመልሱም። እሱም መልስ አይጠብቅም።

ረቡዕ ቀን ወደ ይርጋጨፌ በሚኒባስ ሄድን። ሴንሰሩን በትንሽ የፕላስቲክ በርሜል አሽገን እኔ ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ። ረዳቱ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። "መሣሪያ ነው" አልኩት። አጠገቤ የነበሩት ሰውዬ ከኋላ ቦታ ፈልገው ተቀመጡ። "የፊዚክስ መሣሪያ" ብዬ ባርምም አልተመለሱም፤ ይርጋጨፌ ድረስ ተመችቶኝ ሄድኩ። ከዚያ ኮንጋ የደረስነው በሞተር ነው።

ወይዘሮ ወርቂቱ ቆጮና ጎመን በቅቤ አቀረቡልን። እኔ ረቡዕ እንደምጾም ስነግራቸው በሐዘን አዩኝ። "በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ?" አሉና ቅቤ የሌለው አመጡልኝ። ካሳነሽ ስለ ዝናብ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ዘመድ ጤና ጠየቀች። የሚጠየቅለት ዘመድ ሁሉ አለቀ። ከዚያ ጀመረች።

"አባዬ፣ ጉድጓዱን ፈልጌው ነበር።"

አቶ ወልደዮሐንስ የጎረሱትን ዋጡ። "የቱን ጉድጓድ?" ግቢው ውስጥ ሌላ ጉድጓድ የለም።

"የውሃውን።"

"ውሃ የለውም።"

"ለዚያ ነው የፈለግሁት። ደረቅ ስለሆነ።"

ልጃቸው እያሾፈችባቸው እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን አዩ። የካሳነሽ ፊት በዚህ ረገድ ለማንም ምንም አይናገርም። ስለ ቅንጣቶቹ፣ ስለ ዐለቱ፣ መሬት እንዴት እንደሚከልላቸው አስረዳች። አቶ ወልደዮሐንስ እስከ መጨረሻው አዳመጧት፤ ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ወጡ።

"ተዉት፣ እንሰቱን ሊያይ ነው" አሉ ወይዘሮ ወርቂቱ።

"እንሰቱ ምን ሆነ?" አልኩ።

"ምንም።"

በማግስቱ ጠዋት ስንነሣ አቶ ወልደዮሐንስ በገጀራ ዙሪያውን መንጥረው፣ ቆርቆሮውን አንሥተው፣ ግንዱን እያነሡ አገኘናቸው። ልጃቸውን አላዩአትም፤ እኔን ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ጥልቀቱ ይበቃችኋል? ካልበቃ ልጨምርበት እችላለሁ።"

"ይበቃል አባባ። በጣም ጥሩ ነው።"

"ጠባብ ነው እንጂ።"

"ጠባብነቱ ነው የተፈለገው።"

"ዐለቱም አስቸጋሪ ነው።"

"ዐለቱ ከሁሉ ይበልጣል።"

ለዓመታት የተሳቀበትን ጉድጓድ እንግዳ መጥቶ በጥልቀቱም በጥበቱም አመሰገነው። አቶ ወልደዮሐንስ፣ "እንግዲያው ጥሩ" አሉና ገመድ ሊያመጡ ሄዱ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ በርሜሉን የሚያወርዱት ራሳቸው እንዲሆኑ።

ካሳነሽ ላፕቶፗንና ባትሪውን ይዛ የቡና ማስቀመጫው ጎጆ ውስጥ ተቀመጠች። ሴንሰሩ ቅንጣት ባገኘ ቁጥር በኬብል የተያያዘው ላፕቶፕ ጠቅ ይላል። በርሜሉ ገና ከላይ ሳለ ጠቅታው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነበር። እየወረደ ሲሄድ እየሳሳ፣ እየሳሳ መጣ። ታች ሲደርስ በአንዱና በሌላው መካከል ወሬ መጀመር ይቻል ነበር።

"እንዴት ነው?" ብለው ጮኹ አቶ ወልደዮሐንስ ከውጭ።

"ዝም አለ!"

"ተበላሸ?"

"አይ፣ ጥሩ ነው አባዬ! ጉድጓዱ ጥሩ ነው!"

አቶ ወልደዮሐንስ ገመዱን እንደገና አጠበቁት። መጥበቅ አላስፈለገውም ነበር።

ሽመክት ወዲያው ደረሰ። "ወልዴ፣ ውሃው ወጣ?"

"ውሃ እየፈለግን አይደለም" አሉት አቶ ወልደዮሐንስ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የመለሱለት፤ ሽመክት ደነገጠ።

"ምንድነው የምትፈልጉት ታዲያ?"

"እሷን ጠይቃት።"

ካሳነሽ ከላፕቶፑ ሳትነሣ፣ "ምንም" አለችው።

ይህ መልስ ለእሷ ትክክል ነው፤ ምንም በሌለበት ስንት ጊዜ እንደሚጮህ ነው የምትፈልገው። ሽመክት ግን በሌላ ተረጎመው። ከዚያ በማይርቀው ጉጂ ውስጥ ወርቅ እንዳለ ማንም ያውቃል፤ ከዩኒቨርሲቲ ሰው መጥቶ ጠቅ የሚል መሣሪያ ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ምንም አልፈልግም ካለ፣ የሚፈልገው ወርቅ ነው። ምሳ ሳይደርስ ግቢው ሞላ። በማግስቱ ሽመክት በራሱ ጓሮ ቁፋሮ ጀመረ።

የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ አማኑም መጡ። ትሑት ሰው ናቸው፤ ጫማቸውን ከደጅ አራግፈው ገቡ።

"ዶክተር፣ ሕዝቡ ወርቅ ነው ይላል።"

"ወርቅ አይደለም። ምንም እንደሌለ እያረጋገጥን ነው።"

"ምንም ከሌለ ምን ይለካል?"

ካሳነሽ ከልቧ አሰበችበት። "መሣሪያው ይዋሽ እንደሆነ ነው የምለካው። እውነት ባለበት ቦታ ውሸቱ አይታይም።"

አቶ አማኑ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተፈታ። ይህ ከሥራቸው ጋር የሚገናኝ ነገር ነበር። ውጭ ወጥተው ለሕዝቡ፣ "ውሸት የሚለይ ማሽን ነው" ብለው አስረዱ። ሕዝቡ በፍጥነት ተበተነ።

ሥራው ተቃና። በርሜሉ ውስጥ ትንሽ ማሞቂያ አስገብተን ስለነበር ካሳነሽ ከላይ ሆና እያሞቀች እያበረደች ትመዘግባለች። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ጣለ። ካባራ በኋላ ላፕቶፑ ማበድ ጀመረ፤ ጠቅታው አንድ ላይ ተያይዞ ጩኸት ሆነ። ካሳነሽ ቮልቴጁን ዝቅ አደረገች፤ አልሰማትም። እኔ የራሴን ብየዳ ጠረጠርኩ። ገመዱን ስንስብ እርጥብ ነው። በርሜሉ ውሃ እያንጠባጠበ ወጣ።

አቶ ወልደዮሐንስ በባትሪ መብራት ወደ ታች አዩ። ታች የሚያብለጨልጭ ነገር ነበር። ወይዘሮ ወርቂቱ ማንም ሳይነግራቸው ጄሪካን ይዘው መጥተዋል።

አቶ ወልደዮሐንስ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ" አሉ።

"ለምኑ ነው አባዬ?"

"ውሃ ወጣ።"

ሰሌዳ ሲቃጠል፣ ተራዋ ሲያልፍባት ካሳነሽ ስትከፋ አይቼ አላውቅም። አሁን ግን ከቡና ማስቀመጫው ጀርባ ሄደች። ስትመለስ ዐይኗ ቀልቷል። "ጭስ ነው" አለች። እሳት የሚያነድ ሰው አልነበረም። አባቷ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

"ስቆፍረው ቢወጣ ኖሮ" አሉ አቶ ወልደዮሐንስ፣ "በሬ አርድ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"አሁን ምን ላድርገው?"

መልሱን የሰጡት ወይዘሮ ወርቂቱ ናቸው። በገመድ ጥቂት አውጥተው ቀምሰው ኖሮ፣ "ይሄ ጭቃ ነው። ምንጭ አይደለም፤ ከላይ የገባ ነው" አሉ። ዞረን ስናይ እውነትም ዙሪያው ሲመነጠር ጎርፉን ይይዝ የነበረው ሣር አብሮ ሄዷል፤ ውሃው ቀጥታ መንገድ አግኝቷል። አቶ ወልደዮሐንስ ወዲያው ዶማ አነሡ። ጎርፉን ወደ ቡናው የሚመልስ ቦይ መቆፈር ጀመሩ። ፊታቸው ላይ ያየሁት እፎይታ ነበር ብል ሰው አያምነኝም።

በማግስቱ ውሃውን ማውጣት ተጀመረ። መጀመሪያ ባሊ ይዞ የመጣው ሽመክት ነው። የራሱ ጉድጓድ ዐለት ላይ ደርሶ ነበርና ዐለት ምን እንደሆነ ገብቶታል። ሌሎችም ተከተሉ። ሽመክት ገመዱን እየሳበ በየመሐሉ፣ "ወልዴ፣ ደረቀ?" ይላል። መጀመሪያ አቶ ወልደዮሐንስ አልሳቁም። በኋላ ገመዱን ለቀው፣ ጉልበታቸውን ይዘው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሚስታቸው ውሃ አመጡላቸው፤ ከቦኖው።

እኔ በበኩሌ ውሃ የገባበትን ማገናኛ ፈትቼ አደረቅሁ። መብራት ስላልነበረ ያረጀ የመዳብ ዘንግ በከሰል አግዬ እንደገና በየድኩት። በሕይወቴ ያማረው ብየዳዬ እሱ ነው። ቆርቆሮው ለኬብል ብቻ ቀዳዳ ቀርቶለት ተመለሰ፤ በርሜሉም እንደገና ወረደ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ካሳነሽ ያልፈለገችውን ሰማች። ሴንሰሩ ሲሞቅ ረጋ ያለ ነው። ሲበርድ ግን ሰርኪዩቱ ይዘገያል፤ ቺፗ ለጥቂት ጊዜ በሐሰት ትጮሃለች። ዲላ ላቦራቶሪ ውስጥ ይህን ሰምተነው አናውቅም፤ የእውነተኞቹ ብዛት ይሸፍነው ነበር። ብዙ የደከምንበት ሥራ ጉድለት እንዳለው ያወቅነው በዚያ ጉድጓድ ነው።

"መጥፎ ነው?" አሏት አባቷ ፊቷን አይተው።

"ስህተቱ ተገኘ።"

"ጉድጓዱ ነው ያገኘው?"

"ጉድጓዱ ነው።"

"እኔ ነኝ የቆፈርኩት" አሉ አቶ ወልደዮሐንስ። ለማንም አልነበረም ያሉት። ዘወር ብለው ገመዱን መጠቅለል ጀመሩ።

ዲላ ተመልሰን ሰርኪዩቱን ቀየርነው። እንደገና ኮንጋ ወሰድነው፤ የሚዘገየው ነገር ቀረ። ከፈራነው በላይ፣ ከተመኘነው በታች የሆነ ውጤት ነበር፤ ካሳነሽ ይህንኑ እንዳለ ጻፈችው። አውሮፓ ያሉት ተመራማሪዎች የሰርኪዩቱን ሥዕል ወስደው ሠርተው፣ ቅንጣት በሚያፈጥኑበት ማሽን ፊት አስቀምጠው ፈተኑት። ሠራ። ቀጥሎ በሚተክሉት መመርመሪያ ማቀዝቀዣ ከማይደርስበት ጥግ ላይ ሊያስገቡት ወሰኑ። ጽሑፉ ሊታተም ሲል ፈተናው የተካሄደበትን የከርሰ ምድር ላቦራቶሪ ስም፣ የዐለቱን ዓይነትና የዳይሬክተሩን ስም ጠየቁ። ካሳነሽ ሦስቱንም ላከች። ከዚያ ወዲህ በየመልእክታቸው መጨረሻ፣ "ለዳይሬክተር ወልደዮሐንስ ሰላምታችንን አድርሺልን" ይላሉ። እሷም ታደርሳለች።

"እነሱም ሰላም ይሁኑ" ይላሉ አቶ ወልደዮሐንስ። "አዝመራ እንዴት ነው በይልኝ።"

ከሽመክት ጉድጓድ ወርቅ አልወጣም። አሁን በአካባቢው ከሁሉ የተሻለ መጸዳጃ ቤት አለው።

ባለፈው ዓመት አቶ ወልደዮሐንስ ለሕክምና ዲላ መጡ። ዐይናቸውን ታይተው ሲያበቁ ካሳነሽ ላቦራቶሪያችንን አሳየቻቸው። ወንበር ሰጠኋቸው። አዲሱን ሴንሰር ከፈተችው፤ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ያለማቋረጥ ጠቅ ጠቅ ይል ጀመር። ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ።

"ይሄ ሁሉ እዚህ እየወረደ ነው?"

"አዎ አባዬ።"

"በእኔ ላይ?"

"በሁላችንም ላይ።"

ጣሪያውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ፤ የማምን እንደሆነ ለማወቅ ይመስለኛል። ራሴን ነቀነቅሁ። ትንሽ አሰቡና ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ወደ ጠረጴዛው ይበልጥ ተጠጉ።

"ትንሽ ልስማው" አሉ።

ካሳነሽ ወጥታ ክፍለ ጊዜዋን አስተምራ ተመለሰች። እሳቸው እዚያው ነበሩ።